እማዬ፣ የዮጋውን ነገር ተይው እንዳትዪ

እማዬ እንዴት ነሽ፣ ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ አዲስ አበባ በሰላም ገብቻለሁ፣ ያስያዝሽኝ ቡናም ሳይደፋ ደርሷል። ስልኩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረን ነው የምጽፍልሽ፣ መነጽርሽን አድርገሽ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ለዮጋ የወሰድኩሽ ጂም እስካሁን ይቆጨኛል። አሰልጣኙ እንዴት ነዎት እንኳን ሳይልሽ ከወጣቶቹ ጋር አሰልፎ አጎንብሺ አለሽ፣ አልደርስ ሲልሽ ደግሞ ጀርባሽን ተጭኖ ወደ ታች ገፋሽ፣ በር ላይ ቆሜ ፊትሽ ደም ሲመስል አየሁ፣ ከአይኔ አልጠፋ ብሏል። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው አንገቱን ደፍቶ ትንፋሹን እንዲይዝ አይደረግም እኮ! የት እንደተማረ ስጠይቀው ብረት ማንሳት ነው ያለኝ፣ በሱ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ ግን ዮጋ ለማስተማር በብዙ አገር መነሻው ስልጠና ራሱ 200 ሰዓት ነው፣ 500 ሰዓት የሚማሩም አሉ።

እዛው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ያገኘናት ዮጋ የምታስተምረው ልጅ ግን ሰርተፍኬቷን ሳልጠይቃት ነው ያሳየችኝ፣ እኔን የማረከኝ ደግሞ ወረቀቱ አይደለም፣ አጠገብሽ ቁጭ ብላ ግፊት፣ ስኳር፣ ግላኮማ የሚሉት የዓይን በሽታ፣ ቀዶ ጥገና አለ ወይ፣ ወድቀው ያውቃሉ ወይ እያለች ደብተሯ ላይ ስትጽፍ ነው። ከዛ የፕላስቲክ ወንበር ግድግዳ አስደግፋ አስቀመጠችሽ፣ ነጠላሽን አጣጥፋ ወገብሽ ስር አደረገችልሽና "እማማ ሲያምዎት ያቁሙ፣ የሚያስቸኩለን የለም" አለችሽ። በሳምንቱ ውስጥ ስትስቂ ያየሁሽ ያኔ ብቻ ነው።

ዮጋው ከሃይማኖታችን ጋር እንዳይጋጭ ብለሽ ያልሽኝንም አልናቅኩትም። ዮጋ ከህንድ የመጣ ነው፣ እዛ ከእምነት ጋር መያያዙም እውነት ነው። ልጅቷን ጠይቄያታለሁ፣ ዝማሬ የለም፣ ሰውነት ማፍታታትና መተንፈስ ብቻ ነው የማሰራው ብላኛለች። ልብሽ ካልፈቀደ ንስሐ አባትሽን ጠይቂያቸው፣ እሳቸው ካሉሽ እኔ አልጫንሽም።

ሐኪምሽ ጋ ቀጠሮ ስላለሽ ለሱም ንገሪው እሺ። በልተሽ ወዲያው ወደ ዮጋው እንዳትሄጂ፣ ከበላሽ ሁለት ሰዓት ያህል ይለፍሽ፣ በጾም ቀን ይሄ ይቀልሻል። ከዘነበ በእግርሽ አትውጪ የጅማን ጭቃ ታውቂዋለሽ፣ ባጃጅ ያዢ፣ ሂሳቡን እኔ እልካለሁ።

ማክሰኞ ከዮጋው ስትመለሺ ደውዪልኝ፣ የቱ ጋ እንደያዘሽ፣ የቱ ጋ እንደለቀቀሽ ሁሉንም ንገሪኝ።

ልጅሽ