«ተኝታለች»

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። የልጅ ልጅሽ የፊት ጥርሱ ወልቆ «ሰላም»ን «ተላም» እያለ ቤቱን በሳቅ ይገድለዋል። ባለፈው ሳምንት መታጠቢያ ቤቱን ሳያንኳኳ ገብቶ ካቴተሩን፣ የሽንት ማውጫ ቱቦዬን፣ ይዤ አገኘኝ። ትንሽ አየኝና «እማ፣ በስትሮ ነው እንዴ የምትሸኚው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «እኔም እፈልጋለሁ» ብሎ ወጣ። በቃ፣ ይኸው ነው። ለእሱ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ስለ እሱ ገና ሁለት ገጽ መጻፍ እችላለሁ። የተቀመጥኩት ግን ለሌላ ነገር ነው።

በዚህ ወር ሦስት ጊዜ ደወልኩልሽ። ሦስቴም ያነሳችው ሚጡ ናት። «እማማ ተኝታለች» ትለኛለች። ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ! ታመሽ እንኳ ቀን ጋደም የማትይው አንቺ? ደግሞ ከኋላዋ ድምፅሽ ይሰማኛል እኮ፣ እማዬ። «ተኝታለች በያት» ስትያት ሰምቻለሁ።

ይቺን ቃል አውቃታለሁ። 11 ዓመቴ ነበር። የአባዬ የሥራ ጓደኞች መጡ። አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ ሳሎን ተቀምጫለሁ። አጠገቤ መጥተሽ አየሩን ትንሽ ሳብ አደረግሽ። ምንም አላልሽኝም። ደግፈሽ ወደ ጓዳ ወሰድሽኝና በሩን ዘጋሽው። አልቆለፍሽውም፣ እሱን አልክድም። ክራንቼ ግን ሳሎን ቀርቶ ነበር። «ትልቋስ?» ብለው ሲጠይቁሽ፣ «ተኝታለች» አልሽ። እስኪሄዱ ድረስ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ የሰዉን ሳቅ ስሰማ አመሸሁ። የቀሚሱ ቀለም ዛሬም ትዝ ይለኛል። አንቺ ረስተሽው ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ውሃ መጠጣት አቆምኩ። ይሄንን እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም። ጠዋት ስወጣ አንድ ጉንጭ አልጠጣም፣ ከትምህርት ቤት እስክመለስም እንደዚያው። ካልጠጣሁ አያመልጠኝም ብዬ ነው። አመለጠኝ። ህብለ ሰረሰሬ በደንብ ሳይዘጋ ስለተወለድኩ (ስፓይና ቢፊዳ የሚሉት)፣ ከወገቤ በታች ያለው ነርቭ «ሞልቷል» የሚለውን መልእክት በደንብ አያደርስም። ፊኛውም በትክክል አይጨመቅም፣ ጨርሶም አይወጣለትም። የተረፈው ሽንት ጀርም ያፈራል፤ ግፊቱ ሲበዛ ወደ ኩላሊት ይመለሳል። እኔ ደግሞ ውሃውን ስነፍገው ባሰበት። ያን ሌሊት ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጠኝና ሲያስመልሰኝ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው የፈሳሽ ማውረጃ ቱቦ የተዘጋ መስሎሽ በባዶ እግርሽ ተሸክመሽኝ ሮጥሽ። ኩላሊቴ ነበር። ሐኪሙ «ውሃ ትጠጣለች?» ሲልሽ «አዎ» አልሽው። እውነትሽን ነው፣ በምን ታውቂ?

አሁን ወንድሜ የሚነግረኝን ልንገርሽ። ከሰው ጋር መቀመጥ ትተሻል። መንገድ ካለብሽ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አትቀምሺም። አንሶላሽን ሌሊት ተነስተሽ ራስሽ ታጥቢያለሽ። እሱ «አርጅታ ነው፣ ሰው ሰልችቷት ነው» ይላል። ወንድ ልጅ ምን ያውቃል!

ሽንት እያመለጠሽ ነው አይደል?

ይኸው ጻፍኩት። ይቺን አንድ መስመር ለመጻፍ አራት ወረቀት ቀድጃለሁ።

እባክሽ ውሃሽን ጠጪ። ሳትጠጪ ስትውይ ሽንቱ ይወፍራል፣ ፊኛውን ያቃጥለዋል፣ እንደውም ቶሎ ቶሎ ያጣድፍሻል። ከዚያ ወንድሜ ሐኪም ቤት ይውሰድሽ። ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ ስኳርም ሊሆን ይችላል፣ የዳሌ ሥር ጡንቻ መላላትም ሊሆን ይችላል። ለዚያ ደግሞ ቁጭ ብለሽ የምትሠሪው ስፖርት አለው። እስከዚያው በስሜትሽ ሳይሆን በሰዓት ሂጂ፣ ሳያጣድፍሽ በፊት። ማን እንዳስተማረኝ ታውቂያለሽ። ያቺን የምትጮኽ ሰዓት ትራሴ ሥር አድርገሽ፣ በየ4 ሰዓቱ እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ የሽንት ቱቦውን የምታስገቢልኝ አንቺ ነበርሽ። ማታ ማታም ተረከዜን በባትሪ እያበራሽ ቁስል ትፈልጊ ነበር፣ እኔ ስለማይሰማኝ። አሁን በመስታወት ራሴ አየዋለሁ። ለዚያ ሁሉ አመሰግንሻለሁ። ረዘም አድርጌ ብጽፈው አለቅሳለሁና ይብቃኝ።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ባለፈው ስመጣ በሩ ላይ ይዘሽኝ «ያንን ሳጥን ባላነሳው ኖሮ» አልሽኝ። 40 ዓመት ሙሉ ሳጥን! እማዬ፣ ያነሳሽው በ6ኛው ወርሽ ነው፣ ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ። ህብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ ግን ፅንሱ በተፈጠረ በ28 ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል። ብዙ ሴት እኮ በዚያ ጊዜ ማርገዟንም አታውቅም። ሳጥኑን ስታነሺ የኔ ጀርባ የሆነውን ሆኖ ካለቀ ወራት አልፈውታል። ፎሊክ አሲድ የሚሉት ቫይታሚንስ እንዳትይኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ እርግዝና የገጠማቸውን እናቶች ይዞ፣ አደጋውን በ72 በመቶ እንደሚቀንስ ያሳየው ትልቁ ጥናት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። እኔ የ6 ዓመት ልጅ ሆኜ ብረት ጫማ እየቀያየርኩ ነበር። ደግሞም ሁሉንም አያስቀርም። ማን ነግሮሽ ምን ልትውጪ ነበር?

ይልቅ ለታናሽ እህቴ ንገሪያት። ልትወልድ እያሰበች ነው፣ እኔን ለመጠየቅ ግን የፈራች ይመስለኛል። በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ማርገዝ ለምታስብ ሴት ሁሉ ይመከራል። እሷ ግን እኔን የመሰለች እህት ስላላት መጠኑን ሐኪም ይወስንላት። ካረገዘች በኋላ ሳይሆን ከአሁኑ ትጀምር። እኔ ልጄን ከመፀነሴ ወራት ቀደም ብዬ 4 ሚሊግራም ነበር የምወስደው፣ 10 እጥፍ ማለት ነው። አልትራሳውንዱ ላይ ጀርባው ሙሉ ሆኖ ሲታይ የደወልኩት ለማን ነበር? አንቺ ግን ስልኩን ይዘሽ ዝም አልሽ። ደስ ያላለሽ መስሎኝ ለዓመት ያህል አኩርፌሻለሁ።

ለወንድሜ ስለ አንሶላው ምንም አላልኩትም፣ አትፍሪ። ጓንትና ፓድ ልኬልሻለሁ፣ ጥቅሉ በስምሽ ነው የሚመጣው። ጓንቱ ላቴክስ የሚሉት ጎማ የሌለበት ነው። ለኔ ስገዛ የለመድኩት ሆኖ እንጂ ላንቺ ግድ የለውም።

እሁድ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ሚጡን አታስዋሻት። ተኝተሽ ከሆነም እስክትነሺ ስልኩን አልዘጋም።

ትልቋ ልጅሽ