የሳይንስ ክበብ በ2017 ዓ.ም.፦ ሊጥ፣ ጥላና እንቅልፍ

የትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ በዚህ የትምህርት ዘመን አሠራሩን የለወጠው ባለፈው ዓመት መጨረሻ ከወላጆችም ከክፍል ኃላፊ መምህራንም በቀረበ ተመሳሳይ አቤቱታ ምክንያት ነው። አቤቱታው ክበቡ ለዓመታዊው ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ ልጆቹን እስከ ምሽት እንደሚያቆይ፣ በዚህም የቤት ሥራቸውም እንቅልፋቸውም እንደሚጓደል የሚገልጽ ነበር። እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ ግን በአቤቱታው ያልተነሣ ሌላ ጉዳይ ነው። ከትምህርት ሰዓት በኋላ መቆየትን ግዴታ የሚያደርግ ክበብ፣ ቤት ሄደው እንጀራ የሚጋግሩትን፣ ውኃ የሚቀዱትንና ታናናሾቻቸውን የሚጠብቁትን ተማሪዎች፣ በተለይም ሴቶቹን፣ ሳያስበው በር ይዘጋባቸዋል። ስለዚህ በመስከረሙ የመጀመሪያ ስብሰባ አባላቱ ሁለት ደንቦችን አጸደቁ። አንደኛው፣ ክበቡ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ከአንድ ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ ብቻ እንዲሰበሰብ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የምርምር ጥያቄዎቹ አባላቱ በየቀኑ ከሚሠሩት ሥራ እንዲመነጩና መዝገቡም እዚያው ሥራው ላይ እያሉ እንዲያዝ የሚያዝ ነው።

ደንቡ ሳይንስን ዝቅ ያደርገዋል ብለው የተከራከሩ አባላት ነበሩ። ለእነርሱ መልስ እንዲሆን የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ አብረን አነበብን። እኒህ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ አካባቢ ስለ ብልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ወንዝ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመለከቱ። ብልሃርዝያ የሚተላለፈው በውኃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ስለሆነ፣ ያ ምልከታ የእንዶድ ፍሬ በሽታውን ለመከላከል ሊያገለግል እንደሚችል ወደሚያሳይ ረጅም ምርምር አመራ፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዓመታት የገፉበት ይህ ሥራም እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። በእንዶድ ልብስ ሲታጠብ ያላየ በዚያ ዘመን አልነበረም፤ ከልብሱ አልፎ ወንዙን ማየት ግን የተለየ ዐይን ይጠይቃል። ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ስለ ደንቡ የተነሣ ክርክር የለም።

የዓመቱ ዋና ሥራ የሊጥ መዝገብ ነው። ቤታቸው እንጀራ የሚጋገርባቸው አባላት ሊጡ የተቦካበትን ሰዓት፣ ቡሖቃው የተቀመጠበትን ቦታ፣ ሊጡ ኩፍ ያለበትን ጊዜና የተጋገረውን እንጀራ የዐይን ብዛት በደብተር መዘገቡ። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ከምድጃ አጠገብ የተቀመጠው ሊጥ በር አካባቢ ከተቀመጠው ቀድሞ ኩፍ አለ፤ እርሾ ውስጥ ያሉት ረቂቃን ሕዋሳት በሙቀት ሥራቸው ይፈጥናልና። የሊጡን መኮምጠጥ ለመከታተል ደግሞ ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅለን ያገኘነውን ወይን ጠጅ ቀለም ተጠቀምን፤ ከሊጡ ላይ የተቀዳው ውኃ ቀኑ በገፋ መጠን ይህን ቀለም ይበልጥ ወደ ቀይ ይለውጠዋል። አንዲት አባል እናቷ ይህን ሁሉ ሳይለኩ እንደሚያውቁት፣ ሊጡን በማሽተት ብቻም የሚጋገርበትን ቀን እንደሚናገሩ ገልጻ፣ የክበቡ ድካም ምን እንደሚጨምር ጠየቀች። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ የሚቀጥለውም ሥራ ከእርሱ ተወለደ። እናቶች በልምድ የሚያደርጉትና ምክንያቱን እምብዛም የማይናገሩት ነገር ምንድን ነው ተብሎ ሲፈለግ አብሲት ተገኘ።

አብሲት ከቦካው ሊጥ ጥቂቱ በውኃ ቀጥኖ በእሳት ላይ ከተማሰለ በኋላ በርዶ ወደ ሊጡ የሚመለስ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ሦስት አባላት፣ እናቶቻቸው ፈቅደው፣ አንዱን ሊጥ ለሁለት ከፍለው ግማሹን አብሲት ጥለውበት፣ ግማሹን ሳይጥሉበት ጋገሩት። አብሲት ያልተጣለበት እንጀራ ዐይኑ ጥቂት፣ ገጹም ድፍን ሆነ። የጤፍ ስታርች በፈላ ውኃ ሲበስል ውኃ ስቦ እንደሚወፍር፣ ወፍራሙም ሊጥ ረቂቃን ሕዋሳቱ የሚያመነጩትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚይዝ ተወያየን። ጤፍ የስንዴን ሊጥ እንዲለጠጥ የሚያደርገው ግሉተን የተባለው ፕሮቲን ስለሌለው ጋዙን የሚይዝለት ሌላ ነገር ያስፈልገዋል። ዐይን አልባዎቹ እንጀራዎች የት እንደደረሱ ሪፖርቱ አይገልጽም፤ የአንዱ ቤት አባት ግን ሙከራው በጾም ቀን እንዳይደገም በትሕትና አሳስበዋል።

የውኃ መፍላት ሙከራው አጭር ቢሆንም ብዙ አከራከረ። ቴርሞሜትሩ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲቆም አባላቱ መሣሪያው ተበላሽቷል ብለው ሌላ አመጡ፤ ሁለተኛውም እዚያው ቆመ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ውኃውም 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። ባቄላና ሽምብራ እዚህ ለመብሰል የሚወስዱት ጊዜ፣ የግፊት ድስት ያላቸው ቤቶችም ከሰል የሚቆጥቡበት ምክንያት ከዚሁ ጋር ተያያዘ።

የጥላ ልኬቱ የተከናወነው በምሳ እረፍት ነው። ማንም ምሳውን እንዳያጣ በየቀኑ ሁለት አባላት ብቻ ተራ እየገቡ፣ በቅጥር ግቢው የቆመውን የአንድ ሜትር ዘንግ ጥላ ለኩ። የመጀመሪያው ግኝት ጥላው የሚያጥረው ልክ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ አለመሆኑ ነው። የአገራችን ሰዓት የተመሠረተው ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ በሚያልፈው የ45 ዲግሪ ኬንትሮስ መስመር ላይ ነው፤ ከተማዋ ግን ወደ 39 ዲግሪ በሚጠጋ መስመር ላይ ስለምትገኝና ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት፣ ፀሐይ በቀኑ ከፍተኛ ቦታዋ ላይ የምትደርሰው በአማካይ 6 ሰዓት ከ25 ላይ ነው። ይህም ቢሆን ቋሚ አይደለም፤ በጥቅምት መጨረሻ ወደ 6 ሰዓት ከ10 ይቀርባል፣ በየካቲት መጀመሪያ ደግሞ ወደ 6 ሰዓት ከ40 ይዘገያል። ምክንያቱ የምድር ዛቢያ ማዘንበልና የምሕዋሯ ሞላላነት ነው።

ከዚህም የበለጠ ያስደነቃቸው የጥላው አቅጣጫ ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ የቀትሩ ጥላ 64 ሴንቲሜትር ያህል ሆኖ ወደ ሰሜን ይወድቅ ነበር፤ በሚያዝያ የመጀመሪያ ቀናት ከዘንጉ ሥር ሊጠፋ ደረሰ፤ በግንቦት አጋማሽ ደግሞ 20 ሴንቲሜትር ያህል ሆኖ ወደ ደቡብ ዞረ። ከሰሜን አገሮች የመጡ መጻሕፍት የቀትር ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ እንደምትታይ ይጽፋሉ፤ ለጻፉት ሰዎች እውነት ነው። በ9 ዲግሪ ኬክሮስ ለምንኖር ግን ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ አናታችንን ትሻገራለች። አባላቱ ይህን በራሳቸው ማስመሪያ ማግኘታቸውን ከኤግዚቢሽን ሁሉ አስበልጬ አየዋለሁ፤ ከካርቶን ከሚሠራው እሳተ ገሞራማ በእጅጉ።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አባላቱ ራሳቸውን ለማጥናት ወሰኑ፤ ስም ሳይጻፍበት የተኙበትንና የተነሡበትን ሰዓት መዘገቡ። በዚህ ዕድሜ ላሉ ልጆች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ይመከራል። አብዛኞቹ በትምህርት ቀናት ከዚህ በታች ሆኑ። በሌሊቱ ማጠር ማሳበብ አልተቻለም፤ በከተማችን ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነውና። ከጎሕ በፊት ለጸሎት የሚነሡት ቀደም ብለው ስለሚተኙ ድምሩ ከሌሎቹ አላነሰም፤ ሰዓቱን የሚበላው መብራት ከጠፋ በኋላ የሚበራው ስልክ ነው። መዝገቡን ራሳቸው የሞሉት በመሆኑ ብዙ ልደመድምበት አልፈልግም። አባላቱ ግን ከዚያ ተነሥተው የግንቦቱ ኤግዚቢሽን በአንድ ጠረጴዛ እንዲወሰንና ከፈተናው ሳምንት ርቆ እንዲካሄድ በድምፅ ብልጫ ወስነዋል።

በዓመቱ መጨረሻ ከአባላቱ ግማሽ የሚበልጡት ሴቶች ናቸው። የሊጡ መዝገብ በክረምቱ ቅዝቃዜም በየቤቱ ይቀጥላል፤ የጥላው ልኬት በደመናው ምክንያት እስከ መስከረም ይቋረጣል። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ለመጪው ዓመት ሁለት ቴርሞሜትሮችና አንድ የግራም ሚዛን እንዲገዛልን በጽሑፍ ጠይቀናል፤ የሊጥ ደብተሮቹን ማየት የሚፈልጉ ወላጆችም በቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ ያገኟቸዋል።