ልጄ፣ ከአጥሩ ራቅ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትክ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የደሴ ብርድ ብቻ ነው ያስቸገረን።

አጎትህ ሁሉንም ነግሮኛል። ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ አጥር ስር ካሜራ ይዘህ ስትዞር ጥበቃዎች አስቁመውህ ነበር አሉ። ለጦርነት ጊዜ አብራሪዎች መታሰቢያ ልታቆሙ ማሰባችሁ ደግ ነው፤ ኮርቼብሃለሁ። ግን አጥሩ ጋ አትጠጋ። ዘመኑን ታውቀዋለህ። መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ያዙ።

ሰሌዳው ላይ የሚጻፉት ደቡብ አፍሪካውያኑ ብቻ ናቸው መባሉስ እውነት ነው? ይገባቸዋል፤ ሚያዝያ 1933 ጣሊያን ከደሴ ሲነቀል ከላይ ሆነው ተዋግተዋል። ከእነሱ በፊት ግን የኛዎቹ አብራሪዎች ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ ነበሩ። ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰንም ነበር። አውሮፕላኖቻቸው ጥቂት፣ ያውም ለውጊያ የማይሆኑ። መልእክትና ሰው ነበር የሚያመላልሱት። የጣሊያን አውሮፕላን በሞላበት ሰማይ ባዶ እጅ መውጣት ቀላል ነው እንዴ? ሮቢንሰን ከነጻነት በኋላ ተመልሶ መጥቶ፣ የኛን ልጆች ሲያሠለጥን ኖሮ፣ በ1946 እዚሁ አገር በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። እሱን ትታችሁ ማንን ልትጽፉ ነው?

አያትህ ኅዳር 26 ቀን 1928 ጥጃ ጠባቂ ነበር። ደሴ በቦምብ ስትነድ፣ ቀይ መስቀል ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ሲመታ፣ ጃንሆይ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ሲተኩሱ፣ እሱ ዘሎ ቁልቋል ውስጥ ገባ። እሾኹ መዳፉ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። እስከ እርጅናው ጠቁሮ ይታይ ነበር፤ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር በአውራ ጣቱ ያሸዋል። «ሁለት ነበርን» ይል ነበር ሁልጊዜ። ሁለተኛው ልጅ ማን ነበር፣ ተረፈ ወይ ብዬ ሳልጠይቀው ሞተ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ካሜራህን ለሽማግሌዎቹ አድርገው። ያንን ዘመን የሚያወሩ ጥቂት ቀርተዋል። ቡና ይዘህ ሂድ፣ ቁጭ በል፣ ስማቸው። አጥሩ ግን አይሸሽም፤ አትጠጋው ብያለሁ!

ደሞ አጎበሩን ዘርጋ፣ የኮምቦልቻ ትንኝ አይታመንም። ቅዳሜ ስትመጣ ሳይመሽ የሐረጎን ዳገት ውጣ። በሶውን በሚኒባስ ልኬልሃለሁ፤ ጣሳው የጎረቤት ነው፣ እንዳትጥለው።

እናትህ