ሚዮንን በአንድ መስመር አትቅበሩት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣ ሰላም ናችሁ። ስለ ሰርን፣ ጄኔቭ አጠገብ ስላለው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ ግን ጫፉ ላይ ሚዮን ኮላይደርን፣ ማለትም ሚዮን የሚባለውን የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ አፍጥኖ የሚያጋጨውን ማሽን፣ ቅንጣቱ ቶሎ ስለሚሞት አይሆንም ብላችሁ በአንድ መስመር ቀበራችሁት፣ እኔ ደግሞ የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ ስለማስተምር ልጆቹ ጋዜጣውን ይዘውብኝ መጡ።

እሺ፣ ሚዮን ቆሞ ከሆነ ዕድሜው 2.2 ማይክሮሰከንድ ነው፣ አልዋሻችሁም። ግን ማን ያቆመዋል? ወደ ብርሃን ፍጥነት ተጠግቶ ሲሮጥ እኮ በአንስታይን ሬላቲቪቲ መሰረት ዕድሜው ለኛ ይረዝማል። ሰሌዳ ላይ አብረን ሰራነው፣ በ5 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ሲሮጥ 47 ሺህ ጊዜ ገደማ ይለጠጣል፣ 0.1 ሰከንድ መሆኑ ነው፣ 10 ኪሎሜትር ዙሪያ ባለው ቀለበት 3 ሺህ ዙር ያስኬደዋል። አንዷ ተማሪ "ቲቸር እኛን እኮ በስፖርት ፔሬድ 3 ዙር ነው የሚገድለን" አለች፣ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ደግሞ ስሌቱን ተዉት፣ እጃችሁን ዘርጉ፣ ከላይ ከአየሩ ጫፍ የተፈጠረ ሚዮን በየሰከንዱ አንድ ገደማ ያልፍበታል፣ ዕድሜው ባይረዝም ኖሮ አንድ ኪሎሜትር እንኳ ሳይወርድ ያልቅ ነበር።

ለምን ይህን ሁሉ ጣጣ ካላችሁ፣ ፕሮቶን ኳርክና ግሉኦን የሚባሉ ትናንሽ ቅንጣቶች የታጨቁበት ከረጢት ነው፣ ስታጋጩት ከጉልበቱ ቁራጩ ብቻ ነው ስራ የሚሰራው። ኤሌክትሮን ድፍን ነው ግን ቀላል ስለሆነ ሲታጠፍ ጉልበቱን በጨረር ያፈሰዋል። ሚዮን ድፍንም ነው፣ ከኤሌክትሮን 207 እጥፍ ገደማም ይከብዳል፣ ስለዚህ ብክነቱ ከቢሊዮን ጊዜ በላይ ይቀንሳል። ሂግስ፣ ለሌሎች ቅንጣቶች ክብደት ከመስጠት ጋር የተያያዘው ቅንጣት፣ ከራሱ ጋር እንዴት እንደሚጣመር ለማየት፣ የማይታየውን ጨለማ ቁስም ለማሰስ የሚመኙት ለዚህ ነው፣ ያውም ሰርን ካሰበው የ91 ኪሎሜትር ቀለበት በጣም ባነሰ ዋሻ።

ችግር የለም አላልኩም። ዋናው ግን ሞቱ ሳይሆን መበታተኑ ነው፣ ሚዮኖቹ ሲወለዱ እንደተደፋ ጤፍ ነው የሚረጩት፣ ሳያልቁ መሰብሰብ አለባቸው። እንግሊዝ ውስጥ ማይስ የሚባለው ሙከራ በፈሳሽ ሃይድሮጅንና በሊቲየም ሃይድራይድ አሳልፎ መሰብሰብ እንደሚጀምሩ በ2020 አሳይቷል፣ መልሶ ማፍጠኑ ገና ነው፣ ሚዮን ሲሞት የሚወጣው ኒውትሪኖ የሚባል ቅንጣትም ሌላ ራስ ምታት ነው። ይቺን ጻፉልን። ልጆቹ ገጹን ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል፣ መስመሯን በቀይ እስክሪብቶ ከበዋት።