ሲረሱ ማን ያስታውሳቸው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያኔ በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ሆነው የጀመሩ ዛሬ ስድሳን አልፈዋል። ተመስገን ነው። ግን አንዳንዶቹን የመርሳት በሽታ እየያዛቸው ነው፤ እኛም አልተዘጋጀንበትም።

የኤአርቲ (የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና) ክፍል ነርስ ነኝ። አንዲት እናት ለቀጠሯቸው ብልቃጦቻቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። አንዱ ጭራሽ አልተከፈተም። ሌላው ያለጊዜው አልቋል። «በየቀኑ እውጣለሁ ልጄ» አሉኝ፣ ከልባቸው። ልጃቸው ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። የደም ግፊት መድኃኒት ነው የሚመስላት። እናትየው ለልጆቻቸው ተናግረው አያውቁም። ምስጢሩ የእሳቸው ስለሆነ እኔ ልነግራት አልችልም። ግን በየማታው ኪኒኗን በእጇ የምታውጣቸው እሷ ካልሆነች ማን ሊሆን ነው?

መድኃኒቱ ሲቆራረጥ ቫይረሱ ሊላመደው ይችላል። ሁኔታቸው የተረጋጋ ታካሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት ባንዴ ይወስዳሉ። ለብዙዎች ትልቅ እፎይታ ነው። ለሚረሳ ሰው ግን ያን ሁሉ ማስታቀፍ ልክ አይደለም፤ ቀጠሮው ማጠር አለበት።

«አሁን በዚህ ዕድሜያቸው ምን ያደርግላቸዋል?» የሚልም አለ፤ ቤተሰብም ባለሙያም። ይህን ስሰማ ያንገበግበኛል። መድኃኒቱ ሲቆም ቫይረሱ ያንሰራራል፣ አእምሮንም ይጎዳል። ዛሬ እኮ ሦስቱ መድኃኒቶች በአንድ ፍሬ ተጠቃለው በቀን አንዴ ብቻ ነው የሚዋጡት! አስታማሚው የካልሲየም ወይም የአይረን ኪኒን ካለ መንገር ብቻ አይርሳ፤ በባዶ ሆድ አብረው ከተዋጡ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሱታል።

መርሳት ሁሉ ደግሞ እርጅና አይደለም። ድባቴ፣ የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሊሆን ይችላል። ቫይራል ሎዱም (በደም ውስጥ ያለው የቫይረሱ መጠን) ይታይ።

የታካሚው ካርድ ላይ የደጋፊ፣ ማለትም መድኃኒቱን እንዲወስድ የሚያግዘው ሰው፣ ስም አለ፤ ግን ብዙውን ጊዜ ድሮ የተጻፈ ነው። አንዳንዱ ደጋፊ ሞቷል፣ አንዳንዱ ተፋቷል። ስለዚህ ታካሚው ስድሳ ዓመት ሲሞላው፣ አእምሮው ጥርት ብሎ ሳለ፣ «ነገ ቢረሱ ለማን እንንገርልዎ?» ብለን እንጠይቀው። መልሱ ተጽፎ ይፈረምበት፣ በየዓመቱም ይታደስ። ጤና ሚኒስቴር ይህን መመሪያ አድርጎ ያውጣልን።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ነርስ፣ ከአዲስ አበባ