ደብዳቤ ለልጄ፦ ፈቃዱ እስኪመጣ አዳምጪ

ለልጄ ለብሌን፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። የአማተር ራዲዮ (ለንግድ ሳይሆን ለራስ ፍቅር በአየር ላይ የሚገናኙበት ራዲዮ) ፈቃዱ እስኪወጣ እጅሽን አጣጥፈሽ መቀመጥሽን ጽፈሽልኛል። ያለ ፈቃድ ማስተላለፊያ አለመንካትሽ ትክክል ነው፤ በዚህ ቀልድ የለም። ግን ልጄ፣ የዚህ ሙያ ትልቁ ክፍል ማዳመጥ ነው። ማይክ ይዞ መናገር ቶሎ ይለመዳል፤ ጆሮ ግን ጊዜ ይፈልጋል።

«7 ሜጋኸርዝ ላይ ሽሽሽ ብቻ ነው የምሰማው» ላልሽው፣ ራዲዮሽ አልተበላሸም። አራት ኪሎን በመሰለ ሕንፃ በሕንፃ ላይ በተደራረበበት ሰፈር የኤልኢዲ አምፖሉ፣ የስልክ ቻርጀሩ፣ የቴሌቪዥኑ አዳፕተር ሁሉ የራዲዮ ጫጫታ ይረጫል። ውስጣቸው ያለው ዑደት ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እየቆራረጠ ስለሚሠራ፣ ርዝራዡ እስከ አጭር ሞገድ ድረስ ይወጣል። ምንጩን እንዲህ ፈልጊ፦ መቀበያውን በባትሪ አስነሺ፣ 7.1 ላይ አድርጊ፣ ከዚያ የቤትሽን ብሬከር አጥፊ። ጫጫታው ከወረደ ጥፋተኛው ያንቺው ዕቃ ነው፤ ብሬከሩን መልሰሽ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየሰካሽ ለዪው። ካልወረደ ግን ከጎረቤት ነው። የሰፈሩ መብራት ሲጠፋ ሻማ ከመፈለግሽ በፊት ራዲዮውን ክፈቺ፤ የሞገድ ክልሉ ያለ ከተማው ጫጫታ ምን እንደሚመስል የምታውቂው ያኔ ነው። ለቻርጀር የፌራይት ቀለበት (ጫጫታውን ገመዱ ላይ የሚያፍን ጥቁር ቀለበት) ይረዳል፤ ነገር ግን ገመዱን አንድ ጊዜ ብቻ ማሳለፍ 7 ሜጋኸርዝ ላይ እምብዛም አይሠራም። ከ7 እስከ 10 ዙር ጠምጥሚው፣ ቀለበቱም ወደ ቻርጀሩ ይጠጋ።

ዋናው መፍትሔ ግን አንቴናውን ከክፍልሽ ማውጣት ነው። ለ14 ሜጋኸርዝ ዳይፖል (ኬብሉ መሃሉ ላይ የሚገናኝ፣ ወደ ሁለት ጎን የሚዘረጋ የሽቦ አንቴና) 143ን ለ14.1 አካፍዪ፤ ጠቅላላው 10.14 ሜትር፣ በየጎኑ 5.07 ይሆናል። አንቺ ግን በየጎኑ 5.30 ቁረጪ። የቤት መስመር የሚዘረጋበት ባለ 1.5 ሽቦ ይበቃል። ፕላስቲክ የለበሰ ሽቦ ከባዶው ትንሽ አጥሮ ነው የሚስተካከለው፤ ትርፉን ግን አትቁረጪው፣ ወደ ኋላ አጥፈሽ በራሱ ላይ አጥብቀሽ ጠምዝዢው። ፈቃዱ መጥቶ በመለኪያ ስታስተካክዪ፣ በየጎኑ 5 ሳንቲሜትር ማሳጠር ወደ 140 ኪሎኸርዝ ከፍ ያደርግሻል። ለማዳመጥ የዲሽ ኬብል በቂ ነው፤ በውስጡ ያለው የሽቦ መረብ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ስለሆነ ብየዳ አይዝም፣ በቡሎን በሚጠብቅ የሽቦ ማገናኛ እሰሪው። የተቆረጠውን የኬብል ጫፍ በሲሊኮንና በቴፕ ድፈኚው፤ የክረምት ዝናብ በመረቡ ውስጥ ተስቦ እስከ ራዲዮው ሊወርድ ይችላል። ወደ መስኮት ከመግባቱ በፊትም ኬብሉን ቁልቁል አጠፍ አድርጊው፣ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሽቦውን አንድ ሜትር ከፍ አድርገሽ ብትዘረጊው ብረቱ ጉልበቱን ይገድልብሻል፤ መሃሉ ቢያንስ 5 ሜትር ይነሳ። ምሰሶው ቢወድቅ እንኳ የመብራት ኃይል መስመር የማይደርስበት ቦታ ምረጪ። ይህንን አደራ እልሻለሁ። ነጎድጓድ ከመቅረቡ በፊት ደግሞ ኬብሉን ከራዲዮው ነቅለሽ ከቤት አውጪው።

መቀበያው ኤስኤስቢ (የሞገዱን አንድ ጎን ብቻ የሚጠቀም የድምፅ መላኪያ ዘዴ) ከሌለው የአማተሮች ድምፅ እንደ ማጉረምረም ነው የሚሰማው፤ ከ10 ሜጋኸርዝ በታች ታችኛውን ጎን፣ በላይ ላይኛውን ጎን ምረጪ። ከዚያ 14.100 ላይ ተቀመጪ። በዓለም ዙሪያ 18 ምልክት ሰጪ ጣቢያዎች እዚያ ተራ ይዘው በሞርስ (ፊደልን በአጭርና በረጅም ድምፅ በሚገልጽ ኮድ) ይልካሉ፤ እያንዳንዱ 10 ሰከንድ፣ ዙሩ በ3 ደቂቃ ያልቃል። አንዱ ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው። እያንዳንዱ መጠሪያውን (የጣቢያውን መለያ ፊደልና ቁጥር) ከላከ በኋላ አራት ረጃጅም ድምፆች ይከተላሉ፦ በ100 ዋት፣ በ10፣ በ1 እና በ0.1። አራተኛውን ከሰማሽ መንገዱ በጣም ክፍት ነው። ማለዳ፣ ከሰዓትና ማታ እየሰማሽ መዝግቢ፤ ከአዲስ አበባ የትኛው አቅጣጫ መቼ እንደሚከፈት ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

ምዝገባው ላይ ሰዓቱ ያስቸግርሻል። አማተሮች የሚጽፉት በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ላይ 3 ደምሪ፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት 06:00፣ ከቀኑ 9 ሰዓት 12:00 ይሆናል። የማታውን መጀመሪያ 12 ጨምሪበት፤ ማታ 3 ሰዓት 15 ነው፣ 3 ሲደመር 18:00። ቀኑ የሚቀየረው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው፣ የሚጻፈውም በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሰማሽውን እኛ የትናንት ሌሊት ብንለውም መዝገቡ ላይ አዲስ ቀን ነው። ብትሳሳቺ ያገኘሽው ሰው በመዝገቡ ፈልጎ አያገኝሽም።

ሞርሱን ነጥብና ሰረዝ በወረቀት እየሣልሽ አትማሪ። ፊደሉን በደቂቃ 20 ቃል ፍጥነት ስሚ፣ በፊደላቱ መሃል ያለውን ዝምታ አርዝሚ። በሁለት ፊደል ጀምሪ፤ ከመቶ ዘጠናውን ስትይዢ አንድ ጨምሪ።

ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስፈልግ ፈቃዱ ሲመጣ ታዪዋለሽ። በኢቲ የሚጀምር የኢትዮጵያ መጠሪያ በአየር ላይ ብርቅ ነው፤ አንዴ ስትጣሪ አውሮፓ በሙሉ ባንድ ላይ ይጮህብሻል። ያኔ በ14.195 እየላክሽ ከዚያ በ5 ኪሎኸርዝ ከፍ ብለሽ አዳምጪ፣ ያለዚያ ጩኸታቸው ድምፅሽን ሸፍኖት አንቺን ማንም አይሰማሽም። ከመጠሪያው ሁለት ፊደል ብቻ ከያዝሽ ያንኑ ሰው ደግመሽ ጥሪ፤ ሌላው ቢጮህም እሱን ሳትጨርሺ አትልቀቂ። ለሚጮኸው ከመለስሽ ሥርዓቱ ይፈርሳል። ኢቲ3ኤኤ፣ የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ከአንቺ ብዙ ሳይርቅ አምስት ኪሎ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ ነው፤ ሄደሽ ተዋወቂያቸው፣ ሲሠሩም አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ እይ።

አከራይሽን አስፈቅደሽ ጣሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከጣሪያው እስከ መስኮትሽም ያለውን ለኪና ጻፊልኝ። 8 ሜትር ብቻ ቢሆንም አትጨነቂ፤ ጫፎቹን ቁልቁል እናንጠለጥላቸዋለን፣ ከፍ ማለት ያለበት መሃሉ ነው።

የምትወድሽ እናትሽ