ሣጥኑ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ያለው ሰው ምሳ ወጥቷል

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

የሥራ ላይ አደጋ ሲዘገብ ስንት ሰው እንደተጎዳና የትኛው ሆስፒታል እንደገባ እናነባለን። አደጋው ከደረሰበት ቅጽበት ሆስፒታል በር እስኪደረስ ማን ምን እንዳደረገ ግን አይጻፍም። ክንዱን የግራይንደር ዲስክ የቆረጠው ሠራተኛ መትረፍ አለመትረፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው በዚያ መሀል ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለተጎዳ ሠራተኛ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ በጊዜው እንዲሰጥና በተስማሚ መጓጓዣ ቅርብ ወዳለ ሕክምና ተቋም እንዲያደርሰው ያዛል። ስለዚህ ሣጥኑ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሲከፈት ግን አንድ የደረቀ አዮዲን፣ ጥቂት ፕላስተርና ጊዜው ያለፈበት የራስ ምታት ክኒን ነው የሚገኘው፤ ያውም ቁልፉ ከተገኘ። ለብረታ ብረት ሥራ ቤት የሚያስፈልገው ሌላ ነው፦ ጓንት፣ ብዙ ጎዝ፣ ሰፋፊ ፋሻ፣ ልብስ የሚቆርጥ መቀስ፣ ቱርኒኬ (ከባድ ደም ለማቆም ክንድ ወይም እግር ላይ ጠብቆ የሚታሰር ሰፊ ማሰሪያ)፣ ዓይን ማጠቢያ ንጹሕ ውሃ። ክኒኑ ቢቀር ማንም አይጎዳም። ሣጥኑም ባይቆለፍ ይሻላል፤ ፋሻ ቢሰረቅ ሌላ ፋሻ ይገዛል።

ሥልጠናውም እንደ ሣጥኑ ነው። ሁለት ሰው ላኩ ሲባል የሚላኩት ጸሐፊዋና የንብረት ክፍል ኃላፊው ናቸው። ዲስኩ የሚሽከረከረውና ዘይቱ የሚፈላው ግን ሌላ ክፍል ውስጥ ነው። ሌሊት ለሚሠራ ዳቦ ቤት ደግሞ ቀን የሚገባ ሠልጣኝ ምን ይሠራለታል? በየፈረቃው ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ራሱ ተጎጂ ሊሆን ይችላልና።

ደምን እንውሰድ። በሚደማ ቁስል ላይ ቡና መነስነስ ዛሬም የተለመደ ነው። ቡናው ደሙን የሸፈነ ይመስላል እንጂ የተቆረጠ ደም ሥር አይዘጋም፤ ኋላ ሐኪሙ እየፈተገ ሊያወጣው ይገደዳል። ደም የሚያቆመው ጫና ነው። ጓንት ከሌለ እጅን በንጹሕ ፌስታል ጠቅልሎ፣ ጎዝ ወይም የታጠበ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጎ፣ ክንድን ቀጥ አድርጎ በሰውነት ክብደት መጫን ነው። ለ10 ደቂቃ እጅ አይነሳም። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ቆመ ወይ?» ብሎ ገልጦ ያያል፣ መርጋት የጀመረው ደም ይላቀቃል፣ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ጨርቁ ከራሰ በላዩ ሌላ ይደረባል፣ የታችኛው አይነሳም።

ይህ ሁሉ ካላቆመው ብቻ፣ ቱርኒኬ ከቁስሉ በላይ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይታሰራል፤ ክርንና ጉልበት ላይ ግን አይታሰርም። ሲባጎና ሽቦ ሥጋ ይቆርጣሉ፣ ነርቭ ይጎዳሉ። የታሰረበት ሰዓት ፕላስተር ላይ ይጻፋል፣ «ጠዋት 3፡20» ተብሎ። «3፡20» ብቻ ከተጻፈ አንዱ በሐበሻ፣ ሌላው በፈረንጅ ሰዓት ያነበዋል፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት ደግሞ እጅ ያስቆርጣል። ሆስፒታል እስኪደርሱ አይፈታም።

ቃጠሎ ለጎንደር የራሱ ጣጣ አለው። የተቃጠለ ገላ ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ይቀዘቅዝ ይባላል። ቧንቧው ውሃ የሚያመጣው በፈረቃ በሆነበት ከተማ ይህን መክሮ መሄድ ቀልድ ነው። ግን ሒሳቡ አይከብድም፦ 20 ሊትር የሚይዝ አንድ ጀሪካን በደቂቃ 1 ሊትር በጆግ ቢፈስ ልክ 20 ደቂቃ ይበቃል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ማዕድ ቤት ለሌላ ነገር የማይነካ፣ ውሃው በየሳምንቱ የሚለወጥ አንድ ጀሪካን ይቀመጥ። ቀለበትና ሰዓት እጁ ሳያብጥ ይወልቃል፤ ቆዳ ላይ የተጣበቀ ልብስ አይላጥም። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ የእንቁላል ነጭ አይቀባም፤ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፣ ቁስሉንም ያቆሽሻል። በረዶም አይሆንም። ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ፣ በተለይ በክረምት ብርድ፣ የቀረው ገላ በጋቢ ይሸፈን።

የሚጥል በሽታ ሲነሳ ክብሪት ጭሮ ማሽተትም አለ። ለምን እንደማይጠፋ ይገባኛል፦ መንቀጥቀጡ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ወይም በ3 ደቂቃ በራሱ ያቆማል፣ ክብሪቱ የሚጫረው ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው፤ ምስጋናው ለክብሪቱ ይሆናል። የሚያስፈልገው አካባቢውን ከስለትና ከእሳት ማጽዳት፣ ከራሱ ሥር ልብስ ማድረግ፣ ሰዓት መያዝ ነው። አፍ ውስጥ ማንኪያ ማስገባት ጥርስ ይሰብራል። ሲያቆም በጎኑ ይተኛል። 5 ደቂቃ ካለፈ ግን ወደ ሆስፒታል።

ሲፒአርን፣ ማለትም ልቡ ለቆመ ሰው ደረቱን እየተጫኑ ትንፋሽ መስጠትን፣ ከወረቀት ተምሮ የሚሠራው የለም። መጫኛው የደረት አጥንቱ የታችኛው ግማሽ ነው፤ ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ በየ30 ጭነቱ ሁለት ትንፋሽ። ተማሪዎች ሁሉ ሦስት ነገር ያጠፋሉ፦ ክርናቸውን ያጥፋሉ፣ ደረቱ ተመልሶ እስኪነሳ አይጠብቁም፣ ደክመውም አይቀያየሩም። በየ2 ደቂቃው መቀያየር ግድ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን «እያንኮራፋ ነው፣ ይተነፍሳል» ብሎ መተው ነው። ልቡ የቆመ ሰው ለጥቂት ደቂቃ በየመሀሉ አየር ሊስብ ይችላል፤ ያ እስትንፋስ አይደለም። ኤሌክትሪክ የያዘው ከሆነ ደግሞ ሰውየውን ከመንካት በፊት ቆጣሪው ይጥፋ፤ የት እንዳለ ሁሉም ሠራተኛ ይወቅ። ሲፒአር በእጅ ልምምድ የሚያዝ ችሎታ ስለሆነ ከ3 እስከ 6 ወር ካልተደገመ ይደበዝዛል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ለድርጅቶች ሥልጠና ይሰጣል፤ ድርጅቶች ሲጠይቁ ከሰርተፊኬቱ በፊት ደረት መጫን የሚለማመዱበትን አሻንጉሊት ይጠይቁ፤ እያንዳንዱ ሰው ስንት ደቂቃ ተጭኖ እንደሚለማመድም ይጠይቁ።

ከባህር ዛፍ መወጣጫ የወደቀን ሰው አጥፎ ባጃጅ ውስጥ መክተት የተጎዳ አከርካሪን ጨርሶ መስበር ነው። አንድ ሰው ራሱን ይዞ፣ ሌሎች እኩል አንስተው፣ ቃሬዛ ከሌለ በበር ሳንቃ ላይ አስተኝተው አምቡላንስ ወይም ፒክአፕ ይጠብቁ። የአምቡላንሱ ስልክ ከነቅርንጫፉ ቀጥታ ቁጥር ግድግዳ ላይ በጉልህ ይጻፍ። ከሥሩም የቦታው አድራሻ፣ ለማያውቅ ሾፌር በሚገባ ቋንቋ፦ «ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሲመጡ በቀኝ፣ ከነዳጅ ማደያው ቀጥሎ ያለው የኮብልስቶን መንገድ፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር»። የተደናገጠ ሰው የሚሠራበትን ቦታ እንኳ ማስረዳት ያቅተዋል፤ ያን ጊዜ ከግድግዳው ያነበዋል፣ ሌላው ደግሞ አስፋልቱ ዳር ወጥቶ አምቡላንሱን ይጠብቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ አሠልጣኝ፣ ጎንደር